«እኔ በዓይን የምማር ነኝ!»

ዘንድሮ ያልተመደበ ልጅ የለም። አንዱ በዓይኑ የሚማር ነው፤ አንዷ በጆሮዋ፤ ሌላው ደግሞ እጁ ካልነካና እግሩ ካልተንቀሳቀሰ ነገር አይገባውም። የጎረቤቴ ልጅ «በእንቅስቃሴ የሚማር» ተብሎ ተመስክሮለት ከጧት እስከ ማታ ኳስ ሲያንቀሳቅስ ይውላል። እናቱም ከዚያ ወዲህ አትቆጣውም፤ እየተማረ ነዋ! ሰው ሰነፍና ጎበዝ ተብሎ ለሁለት ብቻ ሲከፈል ያደግን ሽማግሌዎች ግን ግራ ገባን። ሰነፍ የሚባል ዘር ድራሹ ጠፋ። ደብረ ማርቆስን ከዳር እስከ ዳር ብታስስ አንድ ሰነፍ አታገኝም፤ የምታገኘው ስልቱ ያልታወቀለት ልጅ ነው።

ነገሩን ያመጣብን የወላጆች ስብሰባ ነው። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፤ የልጅ ልጄ ገና እዚያው ናት። አንድ ከረባት ያሰረ አሠልጣኝ መጣና ልጆቻችን ሁሉ በአራት እንደሚከፈሉ አስረዳን፦ በማየት፣ በመስማት፣ በማንበብና በመጻፍ፣ በመንካትና በመሥራት የሚማሩ። መጠይቅ ታደለ። ልጆቹ ሞሉት፣ ውጤታቸው ተነገራቸው፣ ከዚያ ወዲያ እንደ ክርስትና ስም ያዙት።

የእኔዋ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ የክልል ፈተና ይጠብቃታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን በቃሏ የምትለው ነገር የለም።

«ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት ነው?» እላታለሁ።

«አባባ፣ እኔ ቪዥዋል ለርነር ነኝ። በጆሮ አይገባኝም።»

«በጆሮ ካልገባሽ አሁን የጠየቅሁሽን በምን ሰማሽው?»

ዝም አለች። ቀጥላ ስልኳን አወጣች። ለካ ማየት ማለት እሱን ማየት ኖሯል።

እኔ ዳዊት የደገምሁ፣ ቅኔ ቤት የከረምሁ፣ ኋላም አስኳላ ገብቼ ጠመኔ እንደያዝሁ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ ማጉረምረሜን እንደ ሌላው ሽማግሌ ማጉረምረም አትዩብኝ፤ በማስረጃ ነው የማጉረመርመው።

ፊደል ስንቆጥር ስንደዶ ይዘን እያንዳንዷን ፊደል እየነካን ነበር። ዓይን ያያል፣ እጅ ይጠቁማል፣ አፍ ይጮኻል። መቼም በየትኛውም ዘመን ብልጥ አይጠፋምና፣ ሀ ሁን በዜማው ለምዶ ፊደሉን ሳያይ ሽቅብ ወደ ዛፍ እያንጋጠጠ የሚያንበለብል ልጅ ነበረ። ዛሬ ቢሆን «በጆሮው የሚማር» ተብሎ ይጨበጨብለታል። ያኔ ግን አቡጊዳ ነበረችለት። ተራው ሲዘበራረቅበት፣ ከ«አ» ወደ «ቡ»፣ ከ«ቡ» ወደ «ጊ» ዝለል ሲባል፣ ዜማው ይከዳውና ስንደዶው አየር ላይ ይቀራል። የኔታም አርጩሜያቸውን ሳብ ያደርጋሉ። ፊደል በዓይን ካልሆነ እንደማይያዝ ልጁ ያን ቀን ይገባው ነበር። ከፊደል መልእክተ ዮሐንስ፤ እሱም መጀመሪያ በቁጥር፣ ቀጥሎ በግዕዝ፣ በውርድ፣ በመጨረሻ በቁም ንባብ ይዘለቃል። አንዱን ገጽ እንዲህ እየደጋገምህ ስታነብ ዓይንህ ጆሮህን፣ ጆሮህ አፍህን ይጠብቀዋል።

ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ ዓይን ሥራ ይፈታል። መብራት የለ፣ መጽሐፍ የለ። ውዳሴ ማርያሙም መልክኡም በጨለማ ከታላቅ ተማሪ አፍ ይቀዳል። የቃል ትምህርት የምንለው እሱ ነው። ጎጆው ውስጥ ተደርድረህ፣ ደበሎህን ተከናንበህ፣ ከጮቄ የሚወርደው ብርድ ጥርስህን እያንገጫገጨው አንዷን ሐረግ እስክትይዛት ትላታለህ። «እኔ በዓይን የምማር ነኝ» የሚል ተማሪ ቢገኝ ኖሮ ምን ይባል ነበር? ጨለማውን እያየህ ተማር ይባላላ!

አቋቋም ቤት የገባ በእግሩ ይማራል። መቋሚያው መቼ እንደሚነሣ፣ ጸናጽሉ መቼ እንደሚወርድ፣ ከበሮው የት ላይ እንደሚመታ ጽፈህ አትይዘውም፤ እግርህ እስኪዝል ትቆማለህ፣ ሰውነትህ ይይዘዋል።

ቅኔው ነው የባሰው። ጧት ቁራሽ ፍለጋ አኮፋዳህን አንጠልጥለህ፣ ከመንደሩ ውሻ ጋር በዱላ ተነጋግረህ ትመለሳለህ። ከዚያ ቆጠራ ነው። ዱር ትገባለህ፣ ወንዝ ዳር ትጋደማለህ፣ ብቻህን። አሁን በምን ትማራለህ? የምታየው የለ፣ የምትሰማው የለ፣ የምትነካው የለ፤ ቅኔው ገና የለማ! አንተ ልትፈጥረው ነው። የትናንቱን ዛሬ መድገም ነውር ነው፤ የጓደኛህንማ ካመጣኸው አልተነሣም። መጀመሪያ ሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና፣ ቀጥሎ ዘአምላኪየና ሚበዝኁ፣ እያለ እያለ ስምንት ቤት መወድስ ይደርሳል። የቆጠርኸውን ይዘህ የኔታ ፊት ትቀርባለህ፤ ነገራ ይባላል። ሰሙ ከወርቁ ካልገጠመ፣ ቤቱ ከረዘመ ካጠረ፣ ተነሺው ወዳቂ ከሆነ እዚያው ይታረማል። ሁሉ ሰው እየሰማ! ማታ ደግሞ ግስ ይወርዳል። ስምንቱ የግስ አለቆች፣ ከቀተለ እስከ ጦመረ፣ ከነሠራዊታቸው አንድ በአንድ ይጠራሉ።

እንግዲህ ቁጠሩልኝ። በአንድ ጉባኤ ዓይንም፣ ጆሮም፣ እጅም፣ እግርም፣ ብቸኝነትም ተራ ደርሷቸዋል። «አንተ ልጅ፣ በምን ይመችሃል?» ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። ፊደል ዓይንን ይፈልጋል፣ ቃል ጆሮን ይፈልጋል፣ አቋቋም እግርን ይፈልጋል፤ የሚመርጠው ትምህርቱ ነበር። ልጁ የተባለውን ያመጣል።

ስልት የሚባልስ በጎጃም ጠፍቶ ያውቃል? ሞልቶ! የዋሸራ ቅኔ ቤት የራሱ አለው፣ ጎንጅ የራሱ አለው፣ ወዲያ ማዶ ወሎ ያለው ዋድላም የራሱ አለው። የዋሸራው ሰው የጎንጁን ቅኔ ሲሰማ ከንፈሩን ያጣምማል፤ የጎንጁም ብድሩን ይመልሳል። ግን ስልቱ የቤቱ ነው። ልጁ ከወደደው ወደዚያው ቤት በእግሩ ይሄዳል። ከከተማችን ወጣ ብሎ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት በ1902 ዓ.ም. የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ እንኳ ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅና ዲማ ጊዮርጊስ እየዞሩ ነው የቤተ ክህነቱን ትምህርት የተማሩት። የዛሬው ልጅ ግን ስልቱን ተሸክመው ከደብረ ኤልያስ ድረስ እንዲመጡለት አልጋው ላይ ይጠብቃል።

ለነገሩ ትምህርትን በልጁ ልክ መቅደድ ምን እንደሚያመጣ ጋሽ ሐዲስ ጽፈውታል። ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል አንድ ለአንድ የሚያስተምራት፣ ለሷ ብቻ የተመደበ፣ ቅኔ አዋቂ መምህር ቀጠሩ። ከዚህ በላይ ተማሪ ተኮር ትምህርት የት ይገኛል? ትምህርቱም በጣም ገባት። ውጤቱን ፍቅር እስከ መቃብርን ያነበበ ያውቀዋል፤ ፊታውራሪም አውቀውታል።

ከእኛ መካከል ግስ በማውረድ ወደር ያልነበረው አንድ ዓይነ ስውር ተማሪ ነበር። ትንሽ ልጅ ዱላውን ይዞ ይመራዋል፤ እሱ ደግሞ የመሪነቱን ዋጋ መንገድ ለመንገድ ግስ በማስቀጸል ይከፍላል። ልጁ ማደሪያቸው ሲደርስ እግሩም ቅኔውም ጠንቶ ይመጣል። እንዲህ ያሉ ማየት የተሳናቸው መምህራን በጎጃም ቅኔ ቤቶች ብርቅ አልነበሩም። ያ ጓደኛችን መጠይቁን ቢሞላ «በጆሮ የሚማር» ይሉት ነበር። ውሸት! ቅኔ ሲቆጥር ያየው ሰው አይለውም። ቀና ብሎ፣ ቅንድቡን ሰብስቦ፣ ተራራውን፣ ደመናውን፣ የንጉሥ ግብሩን በልቡ ሲያይ እኛ ዓይናሞቹ እናፍር ነበር። ሰም የሚያደርገውን ነገር ከየት እንደሚያመጣው እስካሁን ይገርመኛል።

ደግሞ የእኛን ዘመን ነቀፋ የሌለበት አድርጌ አላወራም። አጭር መንገድ ፍለጋ ያኔም ነበር፤ ስሙ አብሾ ይባላል። የጠጣው ሰው የሰማው ሁሉ አይጠፋውም፣ አንዴ ያነበበው ይቀረጽለታል እየተባለ ተማሪው በሹክሹክታ ያወራዋል። አንዳንዱም ጠጣው። ግስ አልያዘለትም፤ ይልቅ ከዛፍ ጋር ሲሟገት ሰነበተ። ከዛፉም ተረታ። ሌላው ክታብ ያስጽፋል፣ ሌላው ጠበል ይዘልቃል። ሲያጠና የማይገባው ሰው ከጥናት በቀር የማይሞክረው ነገር አልነበረም። የእኔዋ መጠይቅ ከአብሾ የሚሻለው ራስ አለማዞሩ ነው።

ኮሌጅ የሚያስተምር የእኅቴ ልጅ አለ። በዓመት በዓል ሊጠይቀኝ ሲመጣ ይህን ብሶቴን አቀረብሁለት። «አጎቴ፣ ነገሩ እኮ ከደብረ ማርቆስ አልመጣም» አለኝ። መጠይቁን በዓለም ያሰራጨው ኒል ፍሌሚንግ የሚባል የኒውዚላንድ ሰው ነው፤ ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት የሚዞር ተቆጣጣሪ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ከአንዲት ባልደረባው ጋር አሳተመው። እሺ፣ ኒውዚላንድ ሩቅ ነው፣ ይቅር ልንለው እንችላለን። ግን እሱ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ሲቆጥሩ 71 ዓይነት የመማር ስልት አመዳደብ አገኙ። ሰባ አንድ! የእኛ አሠልጣኝ በአራት መማሩ ቸርነት ነበር። እኛ አንድ ቅኔ ቤት ውስጥ ሰባ አንድ ተማሪ አልነበረንም፤ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ አመዳደብ ደርሶን ይተርፍ ነበር።

ከዚያ ደስ የሚለውን ነገረኝ። ሃሮልድ ፓሽለርና ሦስት ባልንጀሮቹ፣ ሁሉም አሜሪካ ያሉ የሥነ ልቡና ሊቃውንት፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ጉዳዩን መረመሩት። አመራመራቸው የሽምግልና ነው፣ ወደድሁላቸው። ስልት የሚባለው እውነት ከሆነ፣ አሉ፣ በዓይን የሚማረውም በጆሮ የሚማረውም ለሁለት ይከፈል። ግማሹ በስልቱ፣ ግማሹ ከስልቱ ውጭ ይማር። ሁሉም አንድ ዓይነት ፈተና ይፈተኑ። የዓይን ልጅ በዓይን ሲማር፣ የጆሮ ልጅ በጆሮ ሲማር የተሻለ ካመጣ እናምናለን። እንዲህ አድርጎ የፈተነ ጥናት ሲፈልጉ ያገኙት ጥቂት ነው፤ ከጥቂቱም ውስጥ እምነቱን የሚያፈርስ ነበረበት። ትምህርት ቤቶች ገንዘባቸውን በዚህ ላይ የሚያጠፉበት በቂ ማስረጃ የለም ብለው ደመደሙ። ልጆች የሚወዱት መንገድ እንዳላቸው ግን አልካዱም። ይኖራቸዋል እንጂ! ሥራ ይሻላል እንቅልፍ ቢሉኝ እኔም የምወደው አለኝ።

«ታዲያ መምህራኑ ለምን ያምናሉ?» ብዬ ጠየቅሁት። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ ሌላ ጥናት፣ ከተጠየቁት የእንግሊዝ መምህራን 93 በመቶ፣ ከኔዘርላንዶቹ 96 በመቶ ልጅ በሚመርጠው ስልት ሲማር ይበልጥ ይገባዋል ብለው ያምኑ ነበር አለኝ። ይኸኔ ትንሽ ልቤ ራራ። ከረባታሙን አሠልጣኝ ብቻውን ረግሜው ነበር፤ ለካ ግማሽ አውሮፓ ከኋላው ቆሟል።

እኔንስ የገረመኝ፣ ይህ አገር ሁሉንም ልጅ አንዴ በዓይን ለማስተማር ሞክሮ አልነበረም እንዴ? ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በየሁለተኛ ደረጃው ፕላዝማ ተሰቀለ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ፣ በሳተላይት ተልኮ፣ በእንግሊዝኛ ይንበለበላል። እኔ ያኔ ጠመኔ ይዤ ከጎኑ የቆምሁ ሰው ነኝ። መግቢያ ላይ ጥቂት ደቂቃ አለኝ፣ መዝጊያ ላይ ጥቂት ደቂቃ አለኝ፣ መካከሉ የሱ ነው። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው መምህር ጥያቄ ይጠይቃል፤ ልጆቹ ጥያቄው ምን እንደሆነ ሲጠያየቁ «በጣም ጥሩ!» ብሎ አድንቋቸው ያልፋል። የማያይ ልጅ አልነበረም፤ ሁሉም አፍጥጦ ያይ ነበር። በዚህ መካከል መብራት ድርግም ይላል። ያን ጊዜ ሁሉም ወደ እኔ ይዞራል። ክፍሉ ውስጥ ሳቅና ጥያቄ የሚሰማው ያን ጊዜ ነበር፤ ስለዚህ ከመብራት ኃይል ጋር እስካሁን ቂም የለኝም።

ኋላ ደግሞ 1 ለ 5 መጣ። ጎበዙ ከአምስት ጓደኞቹ ጋር ይደራጅና ይረዳቸዋል ተባለ። ረዳቸውም፤ ሥራውን እሱ ይሠራል፣ ስማቸውን እነሱ ይጽፋሉ። ከ1986ቱ ፖሊሲ ወዲህ ስንሰማው የኖርነው ተማሪ ተኮር እዚህ ላይ ደርሶ ጎበዝ ተኮር ሆነ።

ከዚያ የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች በዩኒቨርሲቲ ግቢ ታጥረው፣ መኮራረጅ ቀርቶ ተፈተኑ። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። በዓመቱ 3.2 ሆነ። እስኪ ያ አሠልጣኝ ይምጣና የቀሩትን ይመድብልኝ፤ በምን ሲማሩ ነበር? በጎረቤት፣ በጎረቤት ነበር የሚማሩት። ጎረቤቱ ሲነሣ ትምህርቱም ተነሣ።

ይህን ሁሉ እያልሁ አንድ ነገር ጉሮሮዬን ይዞኛል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ምክንያት ጎጃም ውስጥ ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። በሩ የተዘጋበት ልጅ በምን ይማራል? መጠይቁን አገላብጬ አየሁት፤ ለሱ የሚሆን ምርጫ የለበትም። ወደ ነገሬ ልመለስ፣ ቁጣዬ እዚህ ከቆየ መሳቂያ መሆኑ ይቀራል።

የልጆች መለያየት እውነት ነው። ሃምሳ ስድሳ ልጅ ፊቴ ተቀምጦ ያስተማርሁ ሰው ይህን አልክድም። በ1971 መሠረተ ትምህርት ሲጀመር ያስተማርኋቸው አንድ አባት ነበሩ። ቀኑን ሲያርሱ ውለው ይመጣሉ፤ እርፍ የለመደው እጃቸው እርሳስ ሲጨብጥ እርሳሱ ይሰበራል፤ ሰሌዳውን ሲያዩ «መ» እና «ሠ» አንድ ይሆኑባቸዋል። እኔ ብዙ ዘዴ ሞከርሁ፤ በዜማ፣ በሥዕል፣ አሸዋ ላይ በመጻፍ። በመጨረሻ የአንድ ጎረቤታቸውን መነጽር ሲያጠልቁ ፊደሉ ሁሉ ተለየላቸው። በዓይን የሚማሩ ነበሩ ማለት ነው! ልዩነት ማለት ለእኔ ይኸ ነው። አንዱ አያይም፣ አንዱ ርቦታል፣ አንዷ ውኃ ቀድታ፣ ከብት አግዳ፣ ደክሟት መጥታለች፣ አንዱ ያለፈውን ዓመት ትምህርት ሳይዝ ተገፍቶ አልፏል። የኔታ ይህን ሁሉ በፊት ገጻችን ያውቁት ነበር። ቅኔ እምቢ ያለውን «አንተ ድምፅህ መልካም ነው፣ ዜማ ቤት ሂድ» ብለው መርቀው ይሸኙታል። ያን ጊዜም ቢሆን የሚለውጡለት ትምህርቱን ነው፤ ዜማ ቤት ሄዶ ሳይጮኽ እንዲማር አልፈቀዱለትም።

ባለቤቴ ይህን ስብከቴን ስትሰማ ቆይታ ቡናዋን አስቀመጠችና «እኔ አንተ በምን እንደምትማር አውቄያለሁ» አለች። «በምን?» አልኋት። «አንተማ መማር ትተሃል፤ በጩኸት የምታስተምር ነህ።» አልመለስሁላትም። ቡና ላይ ክርክር አልወድም።

የልጅ ልጄ በበኩሏ መጠይቁን አምጥታ እኔን ሞላችኝ። ወደማታውቀው ቦታ ስትሄድ ካርታ ታያለህ፣ ሰው ትጠይቃለህ ወይስ አቅጣጫውን ትጽፋለህ ይላል። «ሰው እጠይቃለሁ» አልኋት።

«በጆሮ የምትማር ነህ ማለት ነው፣ አባባ።»

«መንገዱን አይደለም የምጠይቀው። ውሻ እንዳለና እንደሌለ ነው።»

እሱን የሚጽፉበት ቦታ አጣች። አስባ አስባ ሁሉም ላይ ምልክት አደረገች። ቀጥላ ግን ያልጠበቅሁትን አመጣች። ጉባኤ ቃና አስተምረኝ፣ በስልክ እየቀረጽሁህ ነው የምማረው አለችኝ። ደስታዬን ዋጥ አድርጌ፣ እንደ ወጉ ኮስተር ብዬ፣ «ቅኔ በስልክ የለም። ሌሊት አሥር ሰዓት ተነሺ፣ እንጀምራለን» አልኋት።

«አሥር ሰዓት? አባባ፣ እኔ እኮ የማታ ሰው ነኝ። ጧት አእምሮዬ አይሠራም፤ እሱም ስልት ነው።»

«መልካም። ግስም የሚወርደው በማታ ነው። ከራት በኋላ ነይ፣ መብራቱን አጥፍተን ከቀተለ እንነሣለን።»

«መብራት አጥፍተን?»

«ስልክሽንም።»

ይህን ስጽፍ ወጥ ቤት ገብታ ከሴት አያቷ ጋር እየመከረች ነው። ይግባኝ መሆኑ ነው።